ቤት ስታሳድሱ የኮርኒሱን መብራት አደራ

አክስቴ ጅማ ቦሳ ያለውን ቤቷን ስታሳድስ እየተመላለስኩ አግዛት ነበር። አንድ ቀን ግንበኛው የሳሎኑን በር ለማስፋት ግድግዳውን በመዶሻ ይመታል፣ እኔ ጓዳ ዕቃ እጠቀልላለሁ። ድንገት አንድ ነገር ሲፈርጥ ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ ረጅሙ ፍሎረሰንት ከኮርኒሱ ተነቅሎ በገመዱ ብቻ ተንጠልጥሏል፣ አምፖሉ ወለሉ ላይ ደቅቋል። ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ ላይ ትንሿ ልጇ የቤት ሥራ ሠርታ ከተነሳች አሥር ደቂቃ አልሞላም።

መሰላል ላይ ወጥቼ ቀዳዳውን አየሁት። ዕቃው የተያዘው በሁለት ሚስማር ነበር፤ ሁለቱም የገቡት ችፑዱ ላይ ብቻ ነው፣ እንጨት የሚባል አልነኩም።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ኮርኒስ ክብደት አይሸከምም። ችፑድም ይሁን ጂፕሰም እሱ ራሱ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። መብራቱን መያዝ ያለበት ከኮርኒሱ በላይ ያለው ሞራሌ (ኮርኒሱ የተመታበት እንጨት) ነው፣ ቤቱ ሶሌታ (ጣሪያው ቤቶን) ከሆነ ደግሞ ቤቶኑ። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ሞራሌው እርጥብ ባሕር ዛፍ ሆኖ ይመታል፤ ከዓመታት በኋላ እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሚስማሩም ይላላል። ቆሞ የኖረ መብራት ታዲያ መዶሻና ድሪል ግድግዳውን ማንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ይወርዳል።

ስለዚህ ግንበኛው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን መብራት በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ ግፉት። ኮርኒሱ አብሮት ከተነሳ የተያዘው በኮርኒሱ ብቻ ነው ማለት ነው። ዙሪያውን ቡናማ የውሃ ቀለበት ካያችሁ ደግሞ ቆርቆሮው ያፈስሳል፤ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ጣሪያው ሳይደፈን መብራቱን ማጥበቅ ዋጋ የለውም፣ ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ቦታ እየተገናኙ ነው።

ከመንካታችሁ በፊት ግን መብራት ይጥፋ። ማብሪያ ማጥፊያውን አይደለም የምላችሁ፣ ቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር ነው። በአሮጌ ቤቶች ማጥፊያው በፌዙ (ኤሌክትሪክ በሚያመጣው ገመድ) ፈንታ በኒውትራሉ (በመመለሻው ገመድ) ላይ ተገጥሞ ይገኛል። አምፖሉ ጠፍቷል፣ 220 ቮልቱ ግን ሆልደሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። «መብራት ሄዷል» ብላችሁም እንዳትጀምሩ፤ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፣ መሰላል ላይ እያላችሁ ሊመጣ ይችላል። ብሬከሩን ካወረዳችሁ በኋላ ማንም እንዳያነሳው ላዩ ላይ ወረቀት ለጥፉ፣ ለቤተሰቡም ተናገሩ።

ከዚያ ቴስተር፣ ኤሌክትሪክ ያለበትን ነገር ስትነካ ትንሽ መብራት የምታበራው መሞከሪያ። መጀመሪያ ያወረዳችሁት ብሬከር ያላጠፋው፣ እየሠራ ያለ ሶኬት ላይ ሞክሩት፣ ቀጥሎ የመብራቱን ገመዶች አንድ በአንድ ንኩ፣ መጨረሻ ላይ ተመልሳችሁ ሶኬቱን። የተበላሸ ቴስተር «ምንም የለም» ብሎ ያሳስታል። ቀን ላይ ጭላንጭሏ አትታይም፣ በእጃችሁ ከልሏት። የገመድ ቀለም አትመኑ። ማን፣ መቼ፣ በምን ቀለም እንደሠራው አይታወቅም።

አሁን ማውረድ ወይስ እዚያው ማጥበቅ? በእኔ እምነት አጠገቡ ግድግዳ የሚፈርስ ከሆነ አውርዱት፣ አትከራከሩ። አምፖሉንና መስታወቱን መጀመሪያ አውጡ፣ በጋዜጣ ጠቅልሉ። የፍሎረሰንት አምፖል ውስጥ ሜርኩሪ አለ፤ ከተሰበረ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ልጆችን አስወጡ፣ ስብርባሪውን በባዶ እጅ አትንኩ። ገመዱን ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የቱ ከየቱ ጋር እንደነበር ማንም አያስታውስም። የገመዱን ጫፎች ለየብቻ ሞርሴቶ (የገመድ ማያያዣ) ውስጥ አስገቡና በካቻቢቴ አጥብቁ። ናስትሮ ብቻውን አይበቃም፣ ሙቀት ሲያገኘው ሙጫው ይለቃል።

ቀለም ብቻ ከሆነ የሚቀባው እዚያው ማጥበቅ ይቻላል። ሞራሌውን ለማግኘት የሚስማር ራሶች በመስመር የሄዱበትን ፈልጉ፣ ወይም በጣታችሁ አንጓ እያንኳኳችሁ ሂዱ። ባዶው ቦታ ከበሮ ይመስላል፤ እንጨቱ ጋ ስትደርሱ ድምፁ ይደፈናል። ሚስማሩን ነቅላችሁ በቪቴ ተኩት፣ ቪቴው ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር እንጨቱ ውስጥ ይግባ። መብራቱ ሁለት ሞራሌ መሃል ከወደቀ አናጢው ከላይ ገብቶ አንድ ቁራጭ ጣውላ አግድም ይምታበት፤ ሲገባም እንጨት እንጨቱን ይርገጥ፣ ችፑዱን ከረገጠ ሳሎን ውስጥ ነው የሚገኘው። ሶሌታ ከሆነ በድሪል በስቶ ፊሸር (ቪቴው የሚጠብቅበት የፕላስቲክ መሰኪያ) ማስገባት ነው። ከባድ ጌጠኛ መብራት ካላችሁ ደግሞ ከቪቴው ሌላ በቀጭን ሰንሰለት ከወራጁ (ከጣሪያው ዋና እንጨት) ጋር እሰሩት፤ አንዱ ቢለቅ ሌላው ይይዘዋል።

ቀለም ቀቢው መብራቱን በፕላስቲክ ከሸፈነው ፕላስቲኩ እስኪነሳ አታብሩት። የድሮ አምፖል ፕላስቲክ ለማቅለጥ ጊዜ አይፈጅበትም።

ገመዱ ልጣጩ ተሰነጣጥቆ፣ ሆልደሩ ጠቁሮ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለው ግን እዚያ ላይ አቁሙና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። እኔም የአክስቴን ቤት ሁለተኛ መብራት ስከፍት ሽቦው ራቁቱን አየሁት፣ መሰላሉን ወርጄ ሰው ጠራሁ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ብሬከሩን ሳታነሱ መብራቱን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወደ ታች ሳብ አድርጉት። ንቅንቅ ካለ ገና ነው። ካላለ አብሩትና ግማሽ ሰዓት ያህል ሽታና ጩኸት እንዳለው ተከታተሉት፣ ከዚያ ጠረጴዛውን መልሱ።