የጀማሪ ሸክላ ሠሪ ዕቃ ለምን ይነቃል? ችግርና መፍትሄ

በግቢው ብቻውን ጀበና ወይም ድስት ለመሥራት የሚነሳ ተማሪ ዕቃው ሲበላሽበት አብዛኛውን ጊዜ እሳቱን ይወቅሳል። በእኔ ግምት ግን ጥፋቱ በብዛት የሚጀምረው ጭቃው ሲቦካና ዕቃው ሲደርቅ ነው።

ሳይተኮስ በፊት ከተሰነጠቀ

መጀመሪያ አፈሩን ይጠርጥሩ። በአዲስ አበባ ዳርቻ ሜዳዎች የሚገኘው ጥቁር ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋም እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ መሬቱን የሰነጠቀ ጠባይ ድስቱን አይምርም። ለማረጋገጥ የቦካውን ጭቃ ጠፍጥፈው የ10 ሴንቲ ሜትር መስመር ይጫሩበትና ፈጽሞ ሲደርቅ ይለኩት። መስመሩ 9 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጭቃው ከአሥር አንድ እጅ ተኮማትሯል፤ ይህም ለትልቅ ዕቃ ብዙ ነው። መፍትሄው ገል ወቅጦና በወንፊት ነፍቶ ለአራት ወይም ለአምስት እጅ ጭቃ አንድ እጅ መቀላቀል ነው፤ ገሉ አስቀድሞ እሳት ያየ ስለሆነ ከጭቃው ጋር አይኮማተርም። በሸክላ ሠሪ ሴቶቹ በሚታወቀው በቀጨኔ አካባቢ የሚኖር ተማሪ ገል አያጣም።

ስንጥቁ በአፉ ወይም በጆሮው ሥር ብቻ ከሆነ ግን አፈሩ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የአደራረቁ ነው። የመጀመሪያ ጀበናዬ ጆሮ በአንድ ሌሊት ተላቆ አደረ፤ ግማሽ በደረቀ አካል ላይ እርጥብ ጆሮ ለጥፌ ነበር። ሁለቱ እኩል እርጥበት ላይ ሳሉ የሚገናኙበትን ቦታ ጫር ጫር አድርገው ቀጭን ጭቃ ይቀቡት፣ ዕቃውን በፌስታል ሸፍነው ጥላ ውስጥ ያድርቁት፤ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ደረቅ ነፋስ።

እሳት ውስጥ ከፈነዳ

ውስጡ የቀረው ውሃ በድንገት እንፋሎት ሆኗል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በመሆኑ አደጋው ቀድሞ ይመጣል። ዕቃውን ጉንጭዎ ላይ ያስጠጉት፤ ከቀዘቀዘዎት፣ መልኩ የነጣ ቢሆንም እንኳ፣ አልደረቀም። በክረምት ይህ ማታለል የተለመደ ነው። ኩበቱን ከመከመርዎ በፊትም ዕቃውን ከእሳቱ ዳር እያገላበጡ በዝግታ ያሙቁት።

ተተኩሶ ከፈረሰ

ሲያንኳኩት ድምፁ የታፈነ ከሆነና ስባሪው ውሃ ውስጥ አድሮ ወደ ጭቃነት ከተመለሰ፣ እሳቱ ከ600 ዲግሪ በታች ቀርቷል። ያልተነካ ዕቃ ካለዎት ማገዶ ጨምረው፣ ሙቀቱን እንዲይዝ ከላይ በገል ከድነው እንደገና ይተኩሱት። ከቀናት በኋላ ነጭ ነጥብ እያሳየ የሚቆረስ ከሆነ ግን የኖራ ድንጋይ ጠጠር ገብቶበታል፤ ለዚህ ከሚቀጥለው ጭቃ ጠጠሩን በወንፊት ከማውጣት በቀር መድኃኒት የለውም።

ውሃ ወደ ውጭ ካሳለፈ

እንስራ ሲያልበው ጉድለት አይደለም፤ ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ያ ወዝ ነው። ምጣድ ግን ከመጀመሪያው እንጀራ በፊት በጎመን ዘር መሟሸት አለበት።