የተያያዘ ሙግትን ፈትቶ መመርመር፦ የወሎ ዝናብ ባሕር ይደርሳል?

ሲሎጂዝም ከሁለት መነሻ ሐሳቦች አንድ ድምዳሜ የሚወጣበት ሙግት ነው። የአንዱ ድምዳሜ ለቀጣዩ መነሻ እየሆነ ሲሄድና የመሐሎቹ ድምዳሜዎች ሳይነገሩ ሲታለፉ ሰንሰለቱ ሶሪተስ ይባላል። ስሕተት የሚሸሸገው አብዛኛውን ጊዜ ባልተነገረው ውስጥ ስለሆነ፣ ዋናው ሥራ የታለፈውን አውጥቶ መጻፍ ነው።

አንድ የደሴ ሰው፣ «ከወሎ ዝናብ ከፊሉ ቦርከና ወንዝ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ ስለዚህ ከዝናባችን ባሕር የማይደርስ አለ» ቢል፣ በመጀመሪያ ድምዳሜውን ለይተው ይጻፉ። ቀጥሎ የጎደለውን ይፈልጉ፤ እዚህ የተዘለለው ቦርከና የአዋሽ ገባር መሆኑ ነው። ከዚያም የእያንዳንዱ ሐሳብ ተሳቢ (ስለ ባለቤቱ የሚነገረው) የቀጣዩ ባለቤት (የሚነገርለት) እንዲሆን አድርገው ይደርድሩ፦

ከወሎ ዝናብ ከፊሉ ቦርከና ይገባል።
ቦርከና የሚገባ ሁሉ ወደ አዋሽ ይሄዳል።
ወደ አዋሽ የሚሄድ ምንም ውሃ ፈስሶ ባሕር አይደርስም።

አዋሽ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ስለሚቀር ሦስተኛው እውነት ነው። አሁን ሰንሰለቱን ይቁረጡት፦ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «ከወሎ ዝናብ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይሄዳል» የሚለው ይወጣል፤ ይህ ከሦስተኛው ጋር ሲጣመር ድምዳሜው ይገኛል።

በመጨረሻ ሁለት ደንቦችን ይፈትሹ፤ «ከፊል» የሚል ሐሳብ ከመጀመሪያው ቦታ በቀር፣ አሉታዊ ሐሳብም ከመጨረሻው በቀር መግባት የለበትም። የመጀመሪያውን ደንብ ሰዎች እንደ ዋዛ ያልፉታል፤ ሲጣስ ግን እንዲህ ይሆናል፦ «የቦርከና ውሃ ሁሉ የወሎ ዝናብ ነው፤ ከወሎ ዝናብ ከፊሉ በሽሎ ወንዝ ይገባል፤ በሽሎ የሚገባ ሁሉ ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ ስለዚህ የቦርከና ውሃ ወደ ዓባይ ይሄዳል።» እያንዳንዱ መነሻ ለብቻው ሲታይ የሚያከራክር አይደለም፤ ድምዳሜው ግን ውሃውን ተራራ ያሻግረዋል። ወደ በሽሎ የሚወርደው «ከፊል» ዝናብና ቦርከና የሚገባው ዝናብ አንድ መሆናቸውን ያረጋገጠ ሐሳብ የለምና።

በጀርመናዊው ፈላስፋ በሩዶልፍ ጎክሌኒየስ (1547–1628) ስም የሚጠራው አደራደር ከድምዳሜው ተሳቢ ተነሥቶ ወደ ባለቤቱ ስለሚወርድ ደንቦቹም ይገለበጣሉ፦ አሉታዊው መጀመሪያ፣ «ከፊል» የሚለው መጨረሻ ላይ ብቻ ይፈቀዳል። ስለዚህ ደንቦቹን ከመፈተሽዎ በፊት ሙግቱ ከየትኛው ጫፍ እንደተነሣ ይለዩ።