የአባላዘር በሽታ ምልክት የታየበት ሰው ሕክምናውን እንዴት ይከታተል?

ሽንቱ የሚያቃጥለው ወይም ከብልቱ መግል መሰል ፈሳሽ የሚወጣው ሰው፣ በፒያሳም ሆነ በካዛንቺስ ቢኖር፣ ብዙውን ጊዜ የሚቀናው በአቅራቢያው ወዳለ መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለጓደኛዬ ነው» እያለ መድኃኒት መግዛት ነው። ትክክለኛው መነሻ ግን ጤና ጣቢያ ሄዶ ካርድ ማውጣት፣ ዝርዝሩንም በር ተዘግቶ ለሐኪሙ መንገር ነው። ምልክቱ የጀመረበትን ቀን፣ አስቀድሞ የተወሰደ መድኃኒት ካለ እርሱን፣ የፔኒሲሊን አለርጂንና እርግዝናን መደበቅ አይገባም፤ ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ለነፍሰ ጡር አይታዘዝም።

ፈሳሽና ማቃጠል በአብዛኛው የጨብጥ ወይም የክላሚዲያ ምልክት ነው። ሁለቱ በምልክት ብቻ ስለማይለዩና አብረውም ሊይዙ ስለሚችሉ፣ ሐኪሙ የሴፍትሪያክሶን መርፌን ከአዚትሮማይሲን ወይም ከዶክሲሳይክሊን ጋር ሊያዝ ይችላል። ዶክሲሳይክሊን በቀን 2 ጊዜ ለ7 ቀናት ይወሰዳል፤ ማቃጠሉ በ3ኛው ቀን ቢጠፋም አይቋረጥም። (ጨብጥ የጋለ ድንጋይ ላይ በመሽናት ይይዛል የሚለው የቆየ ወሬ መሠረት የለውም።)

ይበልጥ የሚያታልለው ቂጥኝ ነው። የመጀመሪያው ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥም ያለ መድኃኒት ይሽራል። ታማሚው ዳንኩ ብሎ ሲረጋጋ በሽታው በሰውነቱ ውስጥ ቆይቶ በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ ሽፍታ ሆኖ ሊመለስ፣ ከዓመታት በኋላም ልብንና አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ቁስሉ ቢጠፋም የደም ምርመራ ማድረግ የግድ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አንድ ጊዜ በጡንቻ ይወጋል፤ የቆየ ከሆነ መርፌው በሳምንት አንድ ጊዜ ለ3 ተከታታይ ሳምንታት ይሰጣል።

በቫይረስ የሚመጣው የሄርፒስ ቁስል ግን ውሃ ቋጥሮ የሚያሳምም ሲሆን፣ አሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት ሕመሙን ያሳጥራል እንጂ ቫይረሱን አያጠፋም።

የኤችአይቪ ምርመራ በዚያው ቀን አብሮ ይደረግ። ለቫይረሱ አጋልጧል ተብሎ ከሚጠረጠር ግንኙነት በኋላ 72 ሰዓት ካላለፈ፣ መከላከያ መድኃኒት ስለሚኖር ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድ ያስፈልጋል።

ከመርፌው ይልቅ የሚከብደው ለትዳር ወይም ለፍቅር ጓደኛ መንገር ነው። በተለይ በርካታ ሴቶች ጨብጥና ክላሚዲያ ይዟቸው ምንም ምልክት ስለማያዩ፣ አጋር ሳይታከም ሲቀር የዳነው ሰው መልሶ ይያዛል፤ በሴቷም ላይ በሽታው የማህፀን ቱቦን አጥብቦ ለመካንነት ሊዳርግ ይችላል። በራስ አንደበት መናገር ያቃተው ሰው ለአጋሩ የሚሰጥ የጥሪ ወረቀት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሁለቱም ታክመው 7 ቀን እስኪሞላቸውና ምልክቱ እስኪጠፋ ድረስም ከግንኙነት ይታቀቡ።