ቅጠል ሲረግፍ የሚሠራ የዶሮና የአፕል እራት

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ብርዱ ጀመር ሲያደርግ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቨርጂኒያ የአፕል እርሻዎች መውጣት ለምደዋል። የሸናንዶዋ ሸለቆና የዊንቸስተር አካባቢ በአፕል የታወቁ ናቸው፤ መልቀሙም ደስ ይላል። ችግሩ የሚመጣው ቤት ከተገባ በኋላ ነው። ልጆቹ ከዛፍ እየቀጠፉ የሞሉት ከረጢት ወጥ ቤት ጥግ ይቀመጣል፤ ግማሹ ይበላል፣ ግማሹ ይጨማደዳል። ከዚያ ከረጢት ሦስት ፍሬ አውጥቶ ከዶሮ ጋር ኦቨን ውስጥ ማስገባት ከፈረንጅ ምግቦች ሁሉ ለእኛ እጅ ቀላሉ፣ ለእኛም አፍ ቅርቡ ይመስለኛል።

«ፍራፍሬ ከሥጋ ጋር?» ብሎ ፊቱን የሚያጠቁር ሰው አይፈረድበትም። በእኛ ማዕድ ፍራፍሬ ከምግብ በኋላ ይቀርባል እንጂ ድስት ውስጥ አይገባም። ሆኖም የዶሮ ወጥ ራሱ ጣፋጭነት አለው፤ ያ ሁሉ ሽንኩርት ለሰዓታት ሲቁላላ የሚያወጣው ስኳሩን ነው። አፕልም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ በዚያ ላይ ጎምዘዝ ስለሚል የዶሮው ስብ አፍ ላይ እንዳይከብድ ያደርጋል።

የዶሮ ወጥ የለመደ እጅ ግን እዚህ ሦስት ነገር መተው አለበት፦ ቆዳ መግፈፍ፣ ውሃ ጠብ ማድረግና ማማሰል። ይህ ምግብ የሚበላሸው ሙያ በማነስ አይደለም፤ ወጥ የሚያሳምረውን ሙያ እዚህ በማምጣት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ4 ወይም ለ5 ሰው)

አጥንትና ቆዳው ያልወጣለት የዶሮ ታፋ፣ 8 ፍሬ (አንድ ኪሎ ተኩል ያህል)
ጠንካራ አፕል፣ 3
መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 3
ነጭ ሽንኩርት፣ 6 ፍልቃቂ
ዝንጅብል፣ የአውራ ጣት ግማሽ ያህል
የጥብስ ቅጠል፣ 2 ዘለላ፤ ጦስኝ ካለ ጥቂት
የተዘጋጀ ሰናፍጭ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ
ስኳር ያልተጨመረበት የአፕል ጭማቂ፣ ግማሽ ኩባያ
ንጥር ቅቤ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ
ጨው፣ 2 የሻይ ማንኪያ
ቁንዶ በርበሬ፣ ቁንጥጫ የተፈጨ ኮረሪማ፣ በመጨረሻ የሚጨመር ሎሚ ወይም አቼቶ

ስለ ጭማቂው አንድ ማሳሰቢያ አለ። አሜሪካ ውስጥ አፕል ሳይደር ተብሎ በፕላስቲክ ጋሎን የሚሸጠው ያልተጣራ ጭማቂ ነው፤ ለዚህ ምግብም ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። እንግሊዝ አገር ግን ሳይደር የአልኮል መጠጥ ነውና አልኮል የማይነካ ሰው ጠርሙሱን አንብቦ ይግዛ። በእስራኤል ለሚኖሩና ሥጋን ከወተት ተዋጽኦ ጋር ለማይቀላቅሉ ወገኖች ደግሞ ቅቤው በዘይት ይተካል፤ ምግቡ ብዙም አይጎድልበትም።

ታፋ ያልኩት በምክንያት ነው። ፈረሰኛው በእኛ ዘንድ ለተከበረ ሰው የሚወጣ ብልት ቢሆንም ኦቨን ውስጥ ቶሎ ይደርቃል። ታፋ ስብም ጅማትም ስላለው ትንሽ ቢዘገይበት እንኳ ይቅር ይላል። ቅልጥም ከተቀላቀለ ምንም አይደለም።

አፕሉን መምረጥ

እዚህ ላይ መሳሳት ቀላል ነው፤ ምክንያቱም ለመብላት የሚጥም አፕል ሁሉ ለእሳት አይሆንም። ግራኒ ስሚዝ የሚባለው አረንጓዴው ጎምዛዛ ነው፤ ቅርጹን ይጠብቃል፤ በሁሉም ሱቅም ይገኛል። ጎምዛዛነቱ ለበዛበት ሰው ፒንክ ሌዲ ወይም ሃኒክሪስፕ ይሻላል። ሃኒክሪስፕ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተዳቅሎ በ1991 ለገበያ የቀረበ ዝርያ ነው፤ ዋጋው ወደድ ቢልም እሳት ላይ አይፈራርስም። ከቨርጂኒያ እርሻ የመጣ ስቴይማን ካለ ደግሞ ሌላ አይፈልጉ።

ማኪንቶሽ ግን ይሟሟል፤ ለልጆች የአፕል ገንፎ ካልፈለጉ በስተቀር እዚህ አያስገቡት። ሬድ ዴሊሽየስ የሚባለው ደማቅ ቀይ አፕል መልኩ እንጂ ጣዕሙ አያኮራም፤ ሲበስል ደግሞ ጭራሽ ሳር ሳር ይላል። ዝርያው የማይታወቅ ከሆነ አንዱን ገምጦ መሞከር ነው፦ ሲነክሱት የሚጮህና ምላስ የሚቆነጥጥ ከሆነ ይሆናል።

አፕሉ አይላጥም። አራት ቦታ ይሰንጠቅና የፍሬ ማኅደሩ ይውጣ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ለሁለት ይከፈል። ከዚህ ካነሰ ይፈርሳል። ወደ ኦቨን ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢቆረጥ ጥሩ ነው፤ ቀድሞ ከተቆረጠ ግን እንዳይጠቁር ሎሚ ይታሽበት።

ዶሮውን ማጠብ ወይስ አለማጠብ?

ይህን ርዕስ ማንሳት ጠብ መጫር እንደሆነ አውቃለሁ። ዶሮ በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ውሃው እስኪጠራ ደጋግሞ መታጠብ አለበት ብለን ነው ያደግነው፤ ያልታጠበ ዶሮ የሠራች ሴት ስሟ ይነሳ ነበር። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ግን ጥሬ ዶሮን አትጠቡ ይላል። ምክንያቱም እጥበት ሳልሞኔላንና ካምፒሎባክተርን ከዶሮው አያስወግድም፤ ከቧንቧው የሚረጨው ውሃ ግን ጀርሞቹን መታጠቢያው ላይ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰላጣ ላይ፣ ሰሃኑም ላይ ያዳርሳቸዋል። የሚገድላቸው እሳት ብቻ ነው።

ከሱቅ ተጸድቶና ታሽጎ የሚመጣውን ታፋ አለማጠብ ይሻላል ባይ ነኝ። ኅሊናዬ እምቢ አለኝ የሚል ሰው ደግሞ ከቧንቧ ሥር ሳይሆን ጥልቅ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በሎሚ ውሃ ቀስ ብሎ ይለቅልቀው፤ ወዲያውም መታጠቢያውን በሳሙናና በበረኪና ያጽዳው። ታጠበም አልታጠበም የማይቀረው ማድረቅ ነው። እያንዳንዱን ታፋ በወረቀት ፎጣ ከላይም፣ ከታችም፣ ከቆዳው ሥርም ይጫኑት። እርጥብ ቆዳ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ከደረቀ በኋላ ጨውና ቁንዶ በርበሬ በሁሉም ጎን ይነስንሱበትና ቆዳውን ወደ ላይ አድርገው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳይከድኑ ያሳድሩት፤ ሌላ ምግብ እንዳይነካ ከታችኛው መደርደሪያ ይቀመጥ። ጨው ወደ ሥጋው ይዘልቃል፤ ቀዝቃዛው አየርም ቆዳውን ብራና እስኪመስል ያደርቀዋል። ጊዜ ከሌለ አንድ ሰዓትም ይበቃል፤ ያደረው ግን ይለያል።

መጥበስ

ኦቨኑን 425 ዲግሪ ፋራናይት ወይም 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያሙቁ። ወደ ኦቨን መግባት የሚችል ሰፊና ከባድ የብረት መጥበሻ ያዘጋጁ። ታፋዎቹን መጥበሻው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ቆዳቸውን ወደ ታች አድርገው ይደርድሩ፤ ዘይት አያስፈልግም። እሳቱን መካከለኛ ያድርጉት። ስምንቱ አንድ ላይ ካልበቁ በሁለት ዙር ይጠበሱ፤ ከተጨናነቁ ውሃ ያወጣሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ እጅን መሰብሰብ ነው። መጀመሪያ ምንም ድምፅ የለም፤ ትንሽ ቆይቶ ስቡ መቅለጥ ሲጀምር ቀስ ያለ ጭስስስ ይሰማል፤ ከዚያ ድምፁ እየደመቀ ይሄዳል። ቆዳው መጥበሻው ላይ ይጣበቃል፤ ለማላቀቅ አይታገሉ። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ጠርዙ ወርቃማ ሆኖ ሲታይ አንዱን በመቆንጠጫ ያዝ አድርገው ይሞክሩት። የበሰለ ቆዳ ራሱ ይለቃል፤ ያልለቀቀ ገና ነው ማለት ነው። እሳቱን ከፍ አድርጎ ማስቸኮል ውጪውን ያሳርራል፤ በአፓርታማ የሚኖር ሰው ደግሞ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጎረቤት ይቀሰቅስበታል።

ታፋዎቹን አውጥተው ሰሃን ላይ ያስቀምጡ። ከቀለጠው ስብ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል መጥበሻው ላይ ያስቀሩና የተረፈውን በጠርሙስ ይያዙት፤ ድንች ቢጠበስበት ግሩም ነው። ሽንኩርቱን ወፈር አድርገው በቁመቱ ቆርጠው ስቡ ላይ ይጨምሩ። ማማሰል የሚፈቀደው እዚህ ብቻ ነው። ከሰባት እስከ ስምንት ደቂቃ፣ ለስልሶ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ድረስ ይቁላላ፤ ለወጥ እንደምናደርገው እስኪጠፋ ድረስ አይደለም። ቀጥቀጥ የተደረገ ነጭ ሽንኩርት፣ ደቀቅ ያለ ዝንጅብል፣ የጥብስ ቅጠሉና ጦስኙ ይግቡ፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሰናፍጩ የተበጠበጠበት የአፕል ጭማቂ ይጨመር። ጭማቂው ሲንተከተክ ከሥር የያዘውን ቡናማ በእንጨት ማንኪያ ፋቅ ፋቅ ያድርጉት፤ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው።

አፕሉን ሽንኩርቱ መሃል ይሰግስጉ፤ ቅቤውን በላዩ ጠብ ጠብ ያድርጉና ኮረሪማውን ይነስንሱ። ኮረሪማና አፕል የሚዋደዱ ናቸው፤ ፈረንጆቹ ቀረፋ በሚያደርጉበት ቦታ እኔ ኮረሪማን እመርጣለሁ። ከዚያ ታፋዎቹን ቆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ከላይ ያስቀምጡ። ፈሳሹ ቆዳውን መንካት የለበትም፤ ከበዛ ይቀንሱት። አይከደንም።

መብሰሉን ማወቅ

ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ኦቨን ከኦቨን ግን ይለያያል። የሥጋ ሙቀት መለኪያ ርካሽ ዕቃ ነውና መግዛቱ አይቆጭም። አጥንቱን ሳይነካ ወፍራሙ ሥጋ ውስጥ ሲሰካ ቢያንስ 165 ፋራናይት ወይም 74 ሴንቲግሬድ ማሳየት አለበት፤ ለጤና የሚፈለገው ልክ ይህ ነው። ለጣዕም ግን ታፋ እስከ 180 ፋራናይት ወይም 82 ሴንቲግሬድ ቢደርስ ይመረጣል፤ ጅማቱ የሚለሰልሰው እዚያ አካባቢ ነው። በዓይን ብቻ መፍረድ ያታልላል፤ የበሰለ ዶሮ አጥንቱ አጠገብ ሊቀላ ይችላል፤ ሥጋው የነጣ ሁሉም በስሏል ማለት አይደለም።

ከወጣ በኋላ ለአሥር ደቂቃ ይረፍ። በዚህ መሃል ከሥር ያለውን መረቅ ይቅመሱ። ጣፋጭነቱ ካየለ ጥቂት ሎሚ ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ አቼቶ ያስተካክለዋል። ያለ በርበሬ ምግብ የማይገባለት ሰው ቁንጥጫ ሚጥሚጣ መረቁ ላይ ያድርግ፤ ቆዳው ላይ ግን ከመጠበሱ በፊት አያድርግ፤ ያርራል።

ከምን ጋር ይበላል?

በእንጀራ መብላት ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። የእንጀራው ኮምጣጣነትና የአፕሉ ጎምዛዛነት ይጋፋሉ፤ መረቁም ቀጭን ነው። ዳቦ፣ በተለይ ድፎ፣ ይሻላል፤ ሩዝም ይሆናል። ከሁሉ የሚስማማው ግን በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ የተሠራ ጎመን ነው፤ ምሬቱ ጣፋጩን ልክ ያስይዘዋል። ፈረንጆቹ ስኳር ድንች ያቀርቡበታል፤ ጣፋጭ በጣፋጭ ይሆንብኛል።

አፕል ከሌለ ቦስክ የሚባለው ቡናማ ፒር በዚሁ አሠራር ይገባል። ጥቁር ወይን ከሆነ ከግንዱ ሳይለይ በመጨረሻው 15 ደቂቃ ብቻ ይጨመር፤ ቆዳው ሲፈነዳ በቃው። በእስራኤል በበዓላቱ ወር ገበያውን የሚሞላው ሮማን አይበስልም፤ ፍሬው ሲቀርብ ከላይ ይበተናል። አዲስ አበባ ያለ ሰው የጨንቻ አፕል ካገኘ ይሞክረው።

ቀኑን መምረጥም አለ። ረቡዕና ዓርብ የታወቀ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው የጽጌ ጾም የፈቃድ ስለሆነ እንግዳ የጠራ ሰው ማን እንደሚጾም አስቀድሞ ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15፣ ማለትም በአብዛኛው ዓመት ኖቬምበር 24 ይገባል፤ የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ስለሚውል ይህን ዶሮ ለዚያ ቀን ያሰበ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ከቅበላው በፊት ባለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ቢሠራው ይበጀዋል።

የተረፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል። በማይክሮዌቭ ማሞቅ የተደከመበትን ቆዳ መልሶ ያርሰዋል፤ 400 ፋራናይት ወይም 200 ሴንቲግሬድ በሞቀ ኦቨን ውስጥ ለ15 ደቂቃ ያህል ሥጋው በደንብ እስኪግል ማስገባት ይሻላል። አፕሉ ግን በማግስቱ ይላላል፤ ከሽንኩርቱ ጋር ደፍጠጥ አድርገው ዳቦ ላይ ይቀቡት።