ስለ ነገ በእንግሊዝኛ ስታወሩ ሁሉንም በ«ዊል» አትጨርሱት

እንግሊዝኛ የምትለማመዱ የጎጃም ልጆች፣ ይቺን ያዙልኝማ። «ዊል» የሚያምረው እዚያው እያወራችሁ ለወሰናችሁት ነገርና ቃል ለመግባት ነው። ጓደኛችሁ ሻንጣ ከብዶት ሲንገዳገድ «አይ ዊል ሄልፕ ዩ» ትሉታላችሁ፣ አለቀ። ቀድማችሁ ያሰባችሁት ከሆነ ግን «አይ አም ጎይንግ ቱ» ይሻላል፤ በጮቄ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ መምጣቱ በዓይን ሲታይም «ኢት ኢዝ ጎይንግ ቱ ሬይን» ነው። ከደብረ ማርቆስ ባህር ዳር ለመሄድ ትኬት ቆርጣችሁ፣ የሚቀበላችሁም ሰው ካለ፣ «አይ አም ትራቨሊንግ ቱ ባህር ዳር ቱሞሮው» በሉ። የአውቶቡሱ መነሻ ደግሞ በፕሮግራም የተያዘ ስለሆነ «ዘ ባስ ሊቭስ አት ሲክስ» ይበቃል፤ ሲክስ ማለት የእኛ ጠዋት 12 ሰዓት መሆኑን ብቻ አትርሱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ጋ ነው። «ስደርስ እደውላለሁ» ለማለት «ዌን አይ ዊል አራይቭ» አይባልም። «ዌን አይ አራይቭ፣ አይ ዊል ኮል ዩ» ነው የሚባለው። በ«ኢፍ»፣ በ«ቢፎር» እና በ«አፍተር» ስትጀምሩም እንደዚሁ ነው፣ «ዊል» የሚገባው በሌላኛው ግማሽ ላይ ነው። ለፈተና የምትዘጋጁ በተለይ ይቺን ደጋግማችሁ ጻፏት።