ከሥራ መውጫ ላይ ዶፉ ሲለቀው

ጅማ ላይ ዝናቡ ሰኔን አይጠብቅም። ከመጋቢት ጀምሮ ቦርሳችሁ ውስጥ አንድ ጠንካራ ፌስታል ይኑር፤ ለስልክም ለደረቅ ካልሲም። ካልሲ ይዤ ስዞር የቢሮ ልጆች ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ዋናው ግን እግር ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ዶፍ ከወረደ ባጃጅ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው ሌላ ነው። ያኔ ሁሉም በእግሩ ይጣደፋል። አትጣደፉ። ጎርፉ መንገዱን ሲሸፍነው ክፍቱ ቱቦ ከአስፋልቱ አይለይም። አምና ሄርማታ አካባቢ አንድ እግሬ እስከ ጉልበቴ ገባ። ጫማዬን አወቱ ወንዝ ሳይወስደው አልቀረም! ከዚያ ወዲህ ጃንጥላዬን አጥፌ እንደ ምርኩዝ መሬቱን እየነካሁ ነው የምሄደው። መራሱ እንደሆነ አይቀርም።

በኃይል የሚወርድ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም ትልቅ ሰው ይጥላል። እኔ ከቁርጭምጭሚት ካለፈ አልሻገርም፤ አንድ ቡና ጠጥቼ ጎደል እስኪል እጠብቃለሁ። መብረቅ ካለ ደግሞ ዛፍ ሥር መጠለል የለም።

ቤት ስትደርሱ የራሰው ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፤ ሲርስ ቀይሩት። ከሰል አጠገብ እንዳታስቀምጡት፣ ማስቲሹ ይለቃል።