የጎርፍ ብክለትን ሞዴል ስንሠራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ የአቃቂ ወንዝ ጉዳይ

ዝናብ ከአዲስ አበባ ጠርጎ ወደ ወንዝ የሚያወርደውን ቆሻሻ በኮምፒውተር ማስላት አሁን አሁን የተለመደ ሥራ ሆኗል። የማስተርስ ተማሪው ይሞክረዋል፣ አማካሪ መሐንዲሱም ይሠራዋል። ሶፍትዌሩ አያስቸግርም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ስዋም የሚባለው የከተማ ጎርፍ ማስያ ሞዴል ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ማንም በነጻ ያወርደዋል። ትምህርቱም ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። ጣጣው የሚመጣው ሶፍትዌሩ የኛን ከተማ ስለማያውቅ ነው። ያልነገርነውን ነገር ሁሉ የሌላ አገር ከተማ ቁጥር እየሞላ ይቀጥላል፤ ግራፉም አምሮ ይወጣል።

ለማያውቁት፦ ወንዞቻችን ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከእንጦጦ ይነሳሉ። ትንሹ አቃቂ በምዕራብ በኩል ይወርዳል። በምሥራቅ በኩል ያለው ትልቁ አቃቂ ደግሞ ቀበናን፣ ግንፍሌንና ባንትይቀጡን ይሰበስባል። ሁለቱ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። አዋሽን ደግሞ ታች ብዙ ሕዝብ ይጠቀምበታል።

ወንዙ ከዝናቡ በፊት ንጹህ ነበር ብሎ መነሳት

የሁሉም ስህተት አባት ይሄ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ ምሳሌ ንጹህ ወንዝ ይዞ ይነሳል፤ ከዚያ ዝናብ ይዘንባል፣ የመንገዱ ቆሻሻ ይገባል፣ ወንዙ ይበከላል። አቃቂ እንደዚያ አይደለም። ጥርና የካቲት ላይ መሀል ከተማ ውስጥ የሚፈሰው ውሃ በአብዛኛው የቤት ፍሳሽ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽና የፋብሪካ ፍሳሽ ነው። ምንጭና የከርሰ ምድር ውሃ የሚያዋጣው ጥቂት ነው።

ይህን የዘነጋ ሰው ናሙናው ሲመጣ ግራ ይጋባል። ሐምሌ ላይ የአሞኒያውና የኦርጋኒክ ብክለቱ ክምችት፣ ማለትም በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው መጠን፣ ከየካቲት ያነሰ ሆኖ ያገኘዋል። «እንግዲህ ዝናቡ ወንዙን አጸዳው» ይላል። አላጸዳውም። አቀጠነው እንጂ።

በምናብ ቁጥር እንየው። በበጋ ወንዙ በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ይፈሳል እንበል፣ የኦርጋኒክ ብክለቱ በሊትር 100 ሚሊግራም ነው። በሰከንድ 100 ግራም አለፈ ማለት ነው። በጎርፍ ሰዓት ፍሰቱ 20 ሜትር ኩብ ሆነ፣ ክምችቱ ወደ 40 ሚሊግራም ወረደ። አሁን በሰከንድ የሚያልፈው 800 ግራም ነው። ክምችቱ ከግማሽ በታች ወርዶ ጭነቱ፣ ማለትም የሚያልፈው ጠቅላላ መጠን፣ ስምንት እጥፍ ሆነ። ወንዙ ውስጥ ያለ ፍጥረት የሚያየው ክምችቱን ነው። አባ ሳሙኤል ላይ የሚጠራቀመው ግን ጭነቱ ነው። የትኛውን እንደምትፈልጉ ሳትወስኑ ሞዴሉን አትክፈቱ።

ስለዚህ የጎርፍ ሞዴል ሥራ የሚጀምረው በበጋ ነው። ዝናብ በሌለበት ቀን በተለያየ ቦታ ፍሰቱንና ጥራቱን ለኩ። ሌሊትም ጭምር፤ ፍሳሹን ጨለማ ጠብቆ የሚለቅ ፋብሪካ አይጠፋም። ያንን መነሻ ሞዴሉ ውስጥ አስገቡና ዝናቡን ከላዩ ጨምሩበት።

ሰዓትና ቀን ማደባለቅ

ይሄ የኛው የራሳችን ነው፤ በየትኛውም የውጭ መመሪያ ላይ አታገኙትም።

ሐምሌ 12 ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ አንድ ከባድ ዝናብ ጣለ እንበል። የወንዙን ከፍታ ሲከታተል የነበረው ልጅ ደብተሩ ላይ «9፡00» ብሎ ጻፈ። የላፕቶፑ ኤክሴል ላይ ያው ሰዓት 15፡00 ነው። አውቶማቲክ መለኪያው ደግሞ በግሪኒች ሰዓት የተሞላ ከሆነ 12፡00 ብሎ መዝግቦታል። አንድ ዝናብ፣ ሦስት ሰዓት።

በዚህ ላይ የቀኑ ጉዳይ አለ። የዕለት ዝናብ በተለምዶ የሚለካው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ የሐምሌ 12ቱ ዝናብ የሚነበበው ሐምሌ 13 ጠዋት ነው። በየትኛው ቀን እንደተመዘገበ ካልጠየቃችሁ ወንዙ ከዝናቡ አንድ ቀን ቀድሞ ሲሞላ ታያላችሁ። የዘመን አቆጣጠሩም ሌላ ወጥመድ ነው። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አይውልም፤ የ2016ቱ ሴፕቴምበር 12 ነበር የዋለው። ዳታውን በጅምላ የቀየረ ሰው በዚያ ዓመት እስከ የካቲት ድረስ በአንድ ቀን ተንሸራቶ ይኖራል።

ጉዳቱ የሚመጣው ካሊብሬሽን ላይ፣ ማለትም የሞዴሉን ቁጥሮች ከልኬቱ ጋር እስኪገጥም ስናስተካክል ነው። ሞዴሉና ልኬቱ አልገጥም ሲሉ ሰው ሰዓቱን አይጠረጥርም። የቦዩን ሸካራነት ይጨምራል፣ የተፋሰሱን ስፋት ይቀንሳል፣ አፈሩ ውሃ የሚያሰርግበትን መጠን ይነካካል። በመጨረሻ ገጠመ ይላል። የገጠመው ግን በውሸት ነው፤ ለሚቀጥለው ዝናብ አይሠራም። መፍትሔው ቀላል ነው። ዳታው እንደመጣ፣ ምንም ሳይነካ፣ አጠገቡ አንድ ዓምድ ከፍታችሁ ሁሉንም ወደ አንድ ሰዓትና ወደ አንድ ካላንደር ቀይሩ። የመጀመሪያውን ዓምድ አታጥፉት።

የቀን ድምር ዝናብ፣ ያውም ከአንድ ጣቢያ

እንጦጦ ላይ በረዶ እየወረደ አቃቂ ቃሊቲ ፀሐይ ሊሆን እንደሚችል የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሞዴሉ አያውቅም። የቦሌን ጣቢያ ብቻ ከሰጣችሁት ከተማው ሁሉ ላይ እኩል ያዘንበዋል። ደግሞም 30 ሚሊ ሜትር በ40 ደቂቃ መውረዱና ቀኑን ሙሉ ማካፋቱ ለጎርፍ ፈጽሞ የተለያየ ነገር ነው። ከእንጦጦ ዳገት የሚወርድ ውሃ ሰዓታት አይፈጅም። በየ5 ወይም በየ10 ደቂቃ የተመዘገበ ዝናብ ከሌላችሁ ስለ ከፍተኛው ፍሰት አትማሉ።

ናሙና በሥራ ሰዓት መቅዳት

የክረምት ዝናብ በብዛት ከሰዓት በኋላና ማታ ይጥላል። የናሙና ቡድኑ ግን ጠዋት መኪና አስፈቅዶ ይወጣል፣ ከሰዓት ይመለሳል። ስለዚህ የሚቀዳው የትናንቱን ጎርፍ ጭራ ነው። ከመንገዱና ከቦዩ ዋናውን ቆሻሻ ይዞ የወረደው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውሃ ደግሞ ማንም ሳያየው አልፏል።

ውድ አውቶማቲክ መሣሪያ ከሌለ ርካሽ ዘዴ አለ። ድልድይ እግር ላይ አንድ ጠንካራ ብረት ታስራላችሁ። በላዩ ላይ አፋቸው የጠበበ ጠርሙሶች ከታች ወደ ላይ፣ በ20 ወይም በ30 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ትደረድራላችሁ። ወንዙ ሲሞላ የታችኛው ቀድሞ ይሞላል፣ ከዚያ ቀጣዩ። ጎርፉ ሲጎድል ሄዳችሁ ትሰበስባላችሁ። የእያንዳንዱ ጠርሙስ ውሃ ወንዙ እዚያ ከፍታ ላይ ሲደርስ ምን ይመስል እንደነበር ይናገራል። ጉድለቱ፣ የሚያሳየው ሲሞላ የነበረውን ብቻ ነው። ሲጎድል ያለውን በእጅ መቅዳት ያስፈልጋል። የባክቴሪያ ምርመራ ከሆነ ደግሞ በዚህ አትሞክሩት። እሱ በበረዶ ተይዞ በ6 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት።

የአሜሪካን መንገድ ቁጥር ለአዲስ አበባ ቦይ መስጠት

ብዙ ሰው የሚጠቅሳቸው የጎርፍ ብክለት ቁጥሮች መሠረታቸው አሜሪካ ውስጥ ከ1978 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. የተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ነው። ጥሩ ጥናት ነው። ግን በመኖሪያ ሰፈር የተገኘው የደለል ክምችት መካከለኛ ዋጋ በሊትር 100 ሚሊግራም አካባቢ ነው። የሳር ግቢና አስፋልት ያለበት ሰፈር ማለት ነው። የሊድ (የእርሳስ) ቁጥሩ ደግሞ ሊድ ያለው ቤንዚን ገና ይነዳ ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው። ኮረኮንች መንገድና የግንባታ አፈር በየጥጉ ለሞላበት ከተማ ይህን መገልበጥ አያዋጣም።

የስዋም ቀመር ቆሻሻ በደረቅ ቀናት መንገድ ላይ ይጠራቀማል፣ ሲዘንብ ይታጠባል ብሎ ያስባል። እኛ ጋ ዋናው መጋዘን መንገዱ አይደለም፣ ቦዩ ነው። ፌስታሉ፣ የሃይላንድ ጠርሙሱ፣ የጉሊት ትርፍራፊው፣ ጭቃው እዚያ ከርሞ የበልግ የመጀመሪያ ዝናብ ይጠብቃል። አለፍ ሲልም ዝናብ ሲመጣ ጠብቆ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ወደ ቦይ የሚለቅ አለ። ይህ በየትኛውም ቀመር ውስጥ የለም። ሰፈሩ ውስጥ ገብታችሁ፣ እናቶችን ጠይቃችሁ፣ በዝናብ ሰዓት ብቻ የሚገባ ተጨማሪ ፍሳሽ አድርጋችሁ ራሳችሁ ልትጨምሩት ይገባል።

ቦዩ ክፍት ነው ብሎ ማመን

ዲዛይኑ ላይ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ሰኔ ላይ ግማሹ ደለል ሊሆን ይችላል። ያኔ ጎርፉ በመንገዱ ይሄዳል፤ ሌላ ሰፈር ይገባል። አንዱ ነጥቡ 30 ሜትር በ30 ሜትር የሚሸፍነው የሳተላይት የከፍታ ካርታም ይህንን አያይም፣ የግንብ አጥርም አያይም። ከዝናቡ በፊት በእግር ዙሩት። የመሬት ሽፋን ካርታችሁም ከ2016 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ከሆነ ጣሉት፤ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ስንቱ ሰፈር ተነስቶ አስፋልትና ንጣፍ ሆኗል።

ኦክስጅንን በባሕር ጠለል ማስላት

ይሄ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ውጤቱን ሙሉ በሙሉ ያበላሻል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ውሃ በባሕር ጠለል ላይ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በሊትር 9.1 ሚሊግራም ያህል ነው። በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ 6.9 አካባቢ ነው የሚይዘው። የሶፍትዌሩን የከፍታ ሳጥን ዜሮ ላይ ትታችሁ ከሄዳችሁ ለአቃቂ ሊይዝ ከሚችለው በላይ ሲሶ ያህል ኦክስጅን ጨምራችሁ ሰጣችሁት ማለት ነው። ታች ያለው ስሌት ሁሉ ከዚያ ይነሳል።

ሌላም አለ። ስትሪተርና ፌልፕስ በ1925 እ.ኤ.አ. ለኦሃዮ ወንዝ ያወጡት የኦክስጅን ማስያ ቀመር ኦክስጅን ለሌለው ወንዝ አልተሠራም። ብክለቱ ሲበዛበት ከዜሮ በታች ይወርዳል። «ሲቀነስ 2 ሚሊግራም ኦክስጅን» የሚል ሰንጠረዥ ካያችሁ ሞዴሉ ከአቅሙ በላይ ተጠይቋል። ዜሮ ሲደርስ የሚቆምና ኦክስጅን የማይፈልገውን ብስባሴ ለብቻው የሚያሰላ ሞዴል ውሰዱ።

የወንዙን ወለል መርሳት

ትንሹ አቃቂ ዳር የቆዳ ፋብሪካዎች ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም የሚባለው ብረት ደግሞ ከደለል ጋር ተጣብቆ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ኃይለኛ ጎርፍ ሲመጣ ይህን ደለል ያነሳዋል። ናሙናው ላይ ክሮሚየም ጨምሮ ያየ ሰው «ዛሬ ፋብሪካው ለቀቀ» ይላል፤ የዓመታት ክምችት ሊሆን ይችላል። ሞዴሉ ደለል የማንሳትና የማስቀመጥ ስሌት ከሌለው ይህን መለየት አይችልም። ጠቅላላ ክሮሚየምን ብቻ መለካትም አይበቃም። ክሮሚየም ሁለት ዋና ዓይነት አለው፤ መርዛማነቱ የጎላው ስድስት ቫለንት ያለው ነው፤ ሦስት ቫለንት ያለው በጣም ይሻላል።

ወንዙ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያመርቱ ገበሬዎች አሉ። በበጋ ውሃውን ይስባሉ፣ በክረምት ጎርፉ ራሱ ማሳቸው ላይ ወጥቶ ደለሉን ትቶ ይሄዳል። ስለ ጉዳት የሚያወራ ሞዴል ወንዙ ውስጥ ብቻ ካበቃ ግማሹን ሥራ ትቷል።

ፍሰቱ ስለገጠመ ብክለቱም ገጠመ ማለት

ሞዴሉ ከልኬቱ ጋር ምን ያህል እንደገጠመ የሚያሳየው የናሽና ሰትክሊፍ መለኪያ (ፍጹም ሲገጥም 1 ነው) ፍሰቱ ላይ 0.8 ወጣ። ደስ ይላል። ግን ስለ ደለሉ፣ ስለ አሞኒያው ምንም አልነገራችሁም፤ እነሱ የየራሳቸው ካሊብሬሽን ይፈልጋሉ። በአንድ ጎርፍ አስተካክላችሁ በዚያው ጎርፍ አትፈትኑ። ሦስት አራት ጎርፍ ካላችሁ ቢያንስ አንዱን ደብቁት፣ በመጨረሻ አውጥታችሁ ፈትኑበት።

ሪፖርት ላይ ደግሞ «ብክለቱ 43.7 በመቶ ይቀንሳል» ብሎ መጻፍ ይቅር። ግቤቶቹን ወደ ላይና ወደ ታች እየነካካችሁ ከዚህ እስከዚህ በሉ። ሞዴሉ በእርግጥ የሚረዳው ምርጫ ለማወዳደር ነው። ሰኔ ሳይገባ ቦይ ማስጠረግ ነው የሚሻለው፣ ታች ማጣሪያ ኩሬ መቆፈር ነው፣ ወይስ የተደበቁ የሽንት ቤት መስመሮችን ፈልጎ ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ ማገናኘት? ቁጥሩ ትንሽ ቢዛባም ከሦስቱ የቱ እንደሚቀድም ብዙ ጊዜ በግልጽ ይታያል፤ ደለሉ ላይ አንዱ ቀድሞ አሞኒያው ላይ ሌላው ቢቀድም ደግሞ ሁለቱንም ለየብቻ ጻፉት።